ሜትር ይዞ የመጣ ሰው

ሰው ቤት ሜትር ይዛችሁ ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ካልገባችሁ አትግቡ። ጠመንጃ ይዞ የገባ ሰው እንኳ «ምን ፈልገህ ነው?» ይባላል። ሜትር ይዞ የገባ ሰው ግን ምን እንደፈለገ ከራሱ በቀር ሁሉም ያውቃል። እኔ ይህን የተማርኩት ሰቆጣ ነው፤ ያውም ታሽከንት ድረስ ሄጄ ሌላ ሌላውን ሁሉ ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ።

እንዴት ታሽከንት ደረስክ ትሉኝ ይሆናል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ለመሥሪያ ቤታችን ከሶቭየት ወዳጆቻችን የትምህርት ዕድል ይመጣል። መጀመሪያ የመጣው ስለ ሲሚንቶ ነበር፤ እሱን የክፍል ኃላፊያችን ወሰደው። ቀጥሎ ስለ ድልድይ መጣ፤ እሱን የኃላፊያችን ሚስት ወንድም ወሰደው። ልጁ ከቀበና ሌላ ወንዝ ያየ አይመስለኝም። በመጨረሻ ማንም ያልነካው አንድ ዕድል ጠረጴዛ ላይ ቀረ፦ «የሙስሊሙ ዓለም ኪነ ሕንፃ፣ የመልክዓ ምድር አያያዝና የከተማ ንድፍ»። ሰዉ ርዕሱን አንብቦ ሳይጨርስ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። እኔ ሻይ አልወድም፤ ቁጭ ብዬ ተገኘሁና «በል አንተ ሂድ» ተባልኩ። አባቴ ቄስ ናቸው። «ምን ልትማር ነው የምትሄደው?» ሲሉኝ «መስጊድ» እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «ሲሚንቶ» አልኳቸው። ነፍሳቸውን ይማረውና እስኪሞቱ ድረስ ስለ ሲሚንቶ ይጠይቁኝ ነበር።

ታሽከንት ያስተማሩን ፕሮፌሰር ነጭ ሪዛም ኡዝቤክ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሃይማኖት የሚባለው ነገር የጭቁኖች ማደንዘዣ መሆኑን በግዴታ ያስረዱናል። ከሰዓት በኋላ ሙዚየም የሆነ መስጊድ ይዘውን ይገቡና፣ ማንም ሳያዝዛቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ስለ ጉልላቱ ሲያወሩ እንባቸው ይመጣል። አስተርጓሚው እንባውን አይተረጉምም፤ እኛም አንጠይቅም። ከነገሩን ሁሉ አንድ ነገር አእምሮዬ ላይ ተቸነከረ። «የሙስሊም ከተማ ጀርባውን ለመንገድ፣ ፊቱን ለግቢው ይሰጣል። ከውጭ የምታዩትን ግድግዳ አትመኑት። ውስጥ ገብታችሁ ከግቢ ወደ ግቢ የሚያሳልፍ በር ካገኛችሁ፣ ያ ሰፈር አንድ አካል ነው፤ አንዱን ቤት ብታፈርሱ ሌላው ይደማል» አሉን። እኔም በዚህ በር ፍቅር ያዘኝ። ሰው በሴት ፍቅር ይያዛል፤ እኔ አይቼው በማላውቀው በር ተያዝኩ።

ታዲያ አገሬ ስገባ ዓመት ሙሉ የሣልኩት የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነው። አንድ ቀን ኃላፊዬ አስጠራኝ። ሰቆጣ ከተማ ለመጪው የአብዮት በዓል ሰፊ ጎዳና ሊወጣ ነው አለኝ፤ ሰልፈኛው ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ አዲሱ አደባባይ እንዲገባ። መንገዱ የሚያልፍበት ላይ ግን የሙስሊም ነጋዴዎች ቤቶች ተደርድረዋል፤ ዘጠኝ ያረጁ የድንጋይ ቤቶች። በዚያ ዘመን ደግሞ ያለ ጥናት የሚፈርስ ነገር የለም፤ መጀመሪያ ይወሰናል፣ ከዚያ ይጠናል፣ ከዚያ ይፈርሳል።

«አንተ የእስላም ቤት ተምረህ የለም? ቅርስ ናቸው ካልክ መንገዱ ይዞራል፤ አይደሉም ካልክ ዶዘሩ ይገባል» አለኝ። ቀጠለና «ጥናቱ ያማረ ከሆነ ቡኻራ የሦስት ዓመት ትምህርት አለ፤ ያንተን ስም ነው የማስተላልፈው» አለ።

ቡኻራ! ዘጠኝ ቤት አድኜ፣ ያን በር አግኝቼ፣ ቡኻራ ልገባ። ሰው በአንድ ጥናት ይህን ሁሉ ሲያገኝ መጠርጠር ነበረበት፤ እኔ ግን ሻንጣዬን ነው የፈለግሁት።

ከኮረም ወዲያ ያለውን መንገድ እህል የጫነ መኪና ላይ፣ ከኬሻው በላይ ሆኜ ተጓዝኩ። ክረምት ነው። ዋግ፣ ሰቆጣ ስደርስ ከእህሉ እኩል በስብሼ ነበር። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ንጉሤ ተቀበለኝ። ስሙ ንጉሤ መሆኑ አብዮቱን ብዙም ያስከፋው አይመስልም። ጠረጴዛው ላይ የከተማው ካርታ ተዘርግቷል፤ በካርታው ላይ በማስመሪያና በቀይ እርሳስ የተሰመረ አንድ መሥመር ዘጠኙን ቤቶች ወገባቸው ላይ ይቆርጣቸዋል።

«ትንሽ ቢዞርስ?» አልኩት።

«አብዮት አይጎብጥም» አለኝ። «ለነገሩ አጥና። በዓሉ ሳይደርስ ግን ጨርስ፤ እኔ የመንገዱ ብቻ ሳይሆን የብሔራዊ ውትድርናው ኮታም ጎድሎብኛል።»

የመጀመሪያው ቤት የእትዬ ዘይነባ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጨርቅና ጨው እየሸጡ ቤቱንም ሱቁንም ብቻቸውን ያቆሙ፣ ሰፈሩ ያለ እሳቸው ቃል እሳት የማያነድ ሴትዮ ናቸው። ከመንገድ ላይ ሆኜ መስኮታቸውን አየሁት፤ ከእንጨት ተቀርጾ፣ ተፈልፍሎ፣ እንደ ጥልፍ የሆነ። ልቤ ዘለለ። ሜትሬን መዘዝኩ። የታሽከንት ሜትር ብረት ነው፤ ሲሳብ ይጮኻል።

«ደህና ዋሉ እናቴ» አልኩ። «ከመንግሥት ነው የመጣሁት። ስንት ክፍል አለዎት? በስንቱስ ሰው ይተኛበታል?»

ዛሬ ሳስበው ምላሴን ነው የምታዘበው። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ በዚህ አገር ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው። እኔ ስለ ኪነ ሕንፃ የጠየቅሁ መስሎኛል።

የእትዬ ዘይነባ ፊት ምንም አልሆነም። ነጋዴ ናቸው። «ቤቱ ተዝረክርኳል ጌታው። ነገ ይምጡ፤ አላህ ካለ ሁሉን ያያሉ» አሉኝ።

በማግሥቱ ስመጣ ቤቱ ጢም ብሏል። ዋናው ክፍል ውስጥ ሴቶች ተደርድረው ሕፃን ያጠባሉ። ጓዳው ውስጥ አሮጊቶች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። እህል ማስቀመጫው ውስጥ አንዲት ሴት ከነፍየሎቿ ተቀምጣለች።

«የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከአበርገሌ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ፍየሎቹስ?»

«እነሱም ከእሷ ተለይተው አይተኙም።»

መጨረሻ ላይ፣ ግቢውን በሚያየው ክፍል፣ አንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ያቃስታሉ። «ታላቅ ወንድሜ ናቸው፣ አያ ይማም። ከዚህ አልጋ ከወረዱ ዓመት አለፋቸው» ተባልኩ። አዘንኩ። «እግዜር ይማርዎት» ብዬ በእግሬ ጫፍ እየተራመድኩ ለካሁ። አንድም ትርፍ ክፍል የለም።

ሁለተኛው ቤት ስገባ ደግሞ እዚያም አራስ፣ እዚያም አሮጊት፣ እዚያም ግቢውን በሚያየው ክፍል አንድ የሚያቃስቱ ሽማግሌ። «የባለቤቴ አጎት ናቸው» አለችኝ የቤቱ እመቤት። ጋቢው ሌላ ነው፤ ሽማግሌው ግን እትዬ ዘይነባ ቤት የነበሩትን ቁርጥ። ዋግ ውስጥ ዘመድ ከዘመድ አብዝቶ ይመሳሰላል ብዬ አለፍኩ። ሦስተኛው ቤት ያሉት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል፤ ማቃሰታቸው ግን ያው ነው። የተማረ ሰው ይህን ቢያይ ምን ያደርጋል? ያልተማረ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። የተማረ ሰው ንድፈ ሐሳብ ያወጣል። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሰቆጣ ሙስሊም ቤት ከሌላው ዓለም የሚለይበት አንድ ክፍል አለው፤ እሱም የሕሙማን እልፍኝ ነው። ዘወትር ግቢውን ያያል፤ ዘወትርም አንድ ሽማግሌ ይተኛበታል።» ከቡኻራ ጋር የሚያገናኘውንም ነገር እያሰላሰልኩ ነበር።

ስለ ምግቡ ልንገራችሁ፤ ከነገሩ ባይገባም ሆዴ ውስጥ ገብቷል። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው። እኔ ታሽከንት ከሄድኩ ወዲህ ጾም የሚባል ነገር ትቼ ነበር። ግን በየቤቱ ሙስሊሞቹ «ክርስቲያን ነው፣ ፍልሰታ ነው» እያሉ ሽሮና ተልባ ያቀርቡልኛል፤ ወተት እንኳ ከዓይኔ ያርቁልኛል። «አልጾምም» ብል ደግሞ ካድሬ ልመስላቸው ነው። ዝም ብዬ ጾምኩ። አንድ ቀን ጓድ ንጉሤ ጋ ምሳ ሲቀርብ ወጡን ገለጥ ባደርገው እሱም ሽሮ ነው። ተያየን። «ሐኪም አዞኝ ነው» አለ። «እኔንም» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ፍልስፍና አላወራንም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ቤቶቹ ከቀን ወደ ቀን እያስጠሉ መጡ። ያ የእትዬ ዘይነባ መስኮት በማግሥቱ በጭቃና በእበት ተለስኖ አገኘሁት። «ብርድ ይገባ ነበር» አሉ። አራተኛው ቤት ግድግዳ ላይ ለዕቃ ማስቀመጫ የተቀረጹ ጎድጓዳ ጌጦች እንዳሉ ሰምቼ ስሮጥ፣ ገና ያልደረቀ ጭቃ ተመርጎባቸው ደረስኩ። አምስተኛው ቤት ምንጣፉ ተነሥቶ ገለባ ተጎዝጉዟል። እኔ ቤቶቹ ውብ መሆናቸውን አሳይቼ ላድናቸው ውበት እፈልጋለሁ፤ እነሱ ውበቱን አይቼ እንዳልወርሳቸው ይደብቃሉ። አንድ መንገድ ላይ ሁለት ሰው አንዱ ሲመጣ አንዱ ሲሸሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ እንደዚያ ነበርን፤ የምንሮጠው ግን ለአንድ ነገር ነው። ያ በርማ ጭራሽ የለም። በየቤቱ የጎረቤት ግድግዳ ላይ የጨው ኬሻ ተከምሯል። «ኬሻውን ዞር ብናደርገው?» ስል «ወገባችንን ያመናል» ይሉኛል። ወገቡን ያላመመው ሰው ሰፈሩ ውስጥ ጠፋ።

ስድስተኛው ቤት ላይ እኔ ቸኮልኩ። ዝናብ መጣና ቡና አልጠጣም፣ ሰላምታም አላበዛም ብዬ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል ገባሁ። አልጋው ባዶ ነው። ከኬሻው ክምር ጀርባ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ሲጎተት ሰማሁ። ቀጥሎ ከግድግዳው ውስጥ ሽማግሌው ወጡ። አንድ እግራቸው ላይ ጫማ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። አይተውኝ አልደነገጡም። አልጋው ላይ ቁጭ አሉና ላባቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ስንት ቤት ቀረህ?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«እሱን እንኳ እችላለሁ። ግን ነገ አድርገው፤ ዛሬ ደክሞኛል። ደህና የነበርኩ ሰውዬ በእውነት ልታመም ነው።»

እንግዲህ ታሽከንት የተማረ፣ ንድፈ ሐሳብ ያወጣ፣ «የሕሙማን እልፍኝ» ብሎ ሥዕል የሣለ ሰው ሆናችሁ እዚያ ክፍል ውስጥ ቁሙ። ሳቅ መጣብኝ፤ ቀጥሎ ንዴት መጣብኝ። ቀጥሎ ግን ኬሻው ጀርባ ያለው ነገር ትዝ አለኝና ሁለቱንም ረሳሁ። በሩ! አያ ይማም የወጡት በዚያ በር ነው።

እትዬ ዘይነባ በዚያው በር ተከትለዋቸው ገቡ፤ የአያ ይማምን አንድ ጫማ በእጃቸው ይዘዋል። እኔን ሲያዩ መጀመሪያ ጫማውን ከጀርባቸው ደበቁ፣ ቀጥሎ የማይጠቅም መሆኑ ገባቸውና ለወንድማቸው ሰጡ። ቁጭ አሉ።

«በል ውረሰን» አሉ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።»

«እኔ ልወርስ አልመጣሁም!» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። መንገዱን፣ ዶዘሩን፣ ቅርስ ከተባለ ቤቱ እንደሚተርፍ፣ ካልተባለ እንደሚፈርስ። እትዬ ዘይነባ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እና ይህን የመጣህ ቀን ብትናገር ምን አለበት? መስኮቴን በእበት አስመረግኸኝ እኮ።»

«እርስዎስ ቢጠይቁኝ?»

«ሜትር ይዞ የመጣን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ይህ እውነት ነው። ተነሥቼ ኬሻውን ዞር አደረግሁት። ወገባቸውን የሚያማቸው ሴቶች ሁሉ አገዙኝ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ካላሉ አያሳልፍም። ከእሱ ወዲያ የጎረቤት ግቢ፣ ከግቢው ወዲያ ሌላ በር፣ ከዚያም ሌላ። ከመጀመሪያው ቤት ገብቶ ፀሐይ ሳያየው፣ መንገድ ሳይረግጥ ዘጠነኛው ቤት መድረስ ይቻላል። ሴቶች እሳት የሚዋዋሱበት፣ ሽሮ የሚቀባበሉበት፣ ለቅሶ የሚደራረሱበት በር ነው። ፕሮፌሰሩ ቢያዩት ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። እኔም አልቀረልኝም፤ እንባዬ መጣ።

«በቃ፣ ዳናችሁ!» አልኳቸው። ወረቀቴን አወጣሁ። «ይህንን ልሣለው። ይህ ካለ ቅርስ አይደለም የሚል ሰው የለም። መንገዱ ይዞራል።» ቡኻራንም በሆዴ አሰብኩ፤ አልዋሽም።

እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ወረቀቴ ላይ አኖሩ። «ኑሩን አይተኸዋል?» አሉኝ።

ኑሩ ማን እንደሆነ አላውቅም።

«ልጄ ነው፤ ያለኝም እሱ ብቻ ነው። ከመጣህ ጀምሮ በዚህ ሰፈር አንድ ጎልማሳ አይተሃል?»

አስታወስኩ። አላየሁም። «ወጣቱ ለንግድ ወደ ጽጽቃና ወደ ጋዝጊብላ ወጥቷል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ይህም አንዱ ግኝቴ ነው።

«የትም አልወጣም። ለውትድርና የሚያፍሱት በዚያ ሲገቡ እነ ኑሩ በዚህ ያልፋሉ። አንተም በመጣህ ቁጥር እንደዚያው ነው። ወንድሜንስ ማን ያሻግራቸው ነበር? ይህን በር ወረቀት ላይ ካወጣኸው፣ ቤቱ ይተርፈኛል። ልጄ ግን አይተርፈኝም።»

«ታዲያ ዶዘሩስ?»

«የዶዘሩን አላህ ያውቃል። የወረቀቱን ግን አንተ ታውቃለህ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። ቤቱን ለማዳን በሩን ማሳየት አለብኝ፤ በሩን ካሳየሁ ቤቱ ማንን ሊያኖር ነው? የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ! ስሜንና ቡኻራን ጎን ለጎን አድርጌ፣ በሩንና ያላየሁትን ኑሩን ወዲያ አድርጌ፣ ወደ ጓድ ንጉሤ ሄድኩ። «ጥናቱ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አልኩት።

«አይፈልግም። ነገ ራሴ አያለሁ» አለ።

ለእትዬ ዘይነባ ሮጬ ነገርኳቸው። እሳቸው ለአያ ይማም ነገሯቸው። አያ ይማም አልተቃወሙም፤ «በዘጠኙም?» ብቻ አሉ።

በማግሥቱ ጓድ ንጉሤ ከቀበሌው ሊቀመንበርና ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። መጀመሪያ ቤት ገባን፤ አራሶች፣ አሮጊቶች፣ ፍየሎች፣ አያ ይማም። እንደወጣን ሁለተኛው በር አምስት እርምጃ ነው። በዚያች እርምጃ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በኑሩና በጓደኞቹ ትከሻ ሊሻገር ነው። ያኔ ነው የታሽከንት ትምህርቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የጠቀመው። በሩ ላይ ተገትሬ ቆምኩ።

«ጓድ፣ ከመግባታችን በፊት ስለ ጉልላት አንድ ነገር ላስረዳ።»

ቀና ብሎ አየ። «ጉልላቱ የታለ?»

«የለም። ለምን እንደሌለ ነው የማስረዳው።»

አስረዳሁ። ስለ ቡኻራ ጡብ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ውሃ መውረጃ አስረዳሁ። ከውስጥ የአያ ይማም ሳል ሲሰማ አቆምኩ፤ ገባን። ሦስተኛው በር ላይ ስለ አትክልት ቦታ ተናገርኩ። አራተኛው በር ላይ ስለ ግመል ማረፊያ። ጓድ ንጉሤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ስብሰባ የናፈቀው አይመስለኝም። ሳሉ ሲዘገይ ስለ ፊውዳሊዝም እጨምራለሁ፤ እሱን ማቋረጥ አይችልም።

ሽማግሌው አንድ መሆናቸውን አላወቀም? አላወቀም። ካድሬ የሰው ፊት አያይም፤ ብዛት ነው የሚያየው። ጋቢያቸው ይለወጣል፣ ጥምጣማቸው ይለወጣል፣ አንዳንዴ እስከ አፍንጫቸው ይሸፈናሉ። አምስተኛው ቤት ላይ ኮፍያውን አውልቆ አፍንጫውን ያዘ። ስድስተኛው ላይ ከደጃፉ አላለፈም። ሰባተኛው ላይ ከመንገድ ሆኖ «እዚህም አለ?» ብሎ ጮኸ። ከውስጥ ሳል መለሰለት፤ ከስምንተኛውና ከዘጠነኛውም እንዲሁ። በእውነት የመጣ ሳል ነው፤ ክረምት ነው፣ ሰውዬውን ያን ሁሉ ግቢ በዝናብ ተሸክመዋቸዋል።

«ይህ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

ውሸት አልወድም። «እሱ ገና አልተጠናም» አልኩት።

ጓድ ንጉሤ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «በሰፈርህ ወረርሽኝ ገብቶ ዝም ትላለህ? በበዓሉ ቀን ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ። በዚህ መሃል ላሰልፋቸው?» ካርታውን እዚያው ዝናቡ ውስጥ ዘረጋውና በቀይ እርሳሱ መሥመሩን ከቤቶቹ ጀርባ አዙሮ አሰመረው። አብዮት አይጎብጥም የተባለው ትዝ አለኝና ፊቴ ላይ ሳይታወቅብኝ አልቀረም።

«ጥንቃቄ ነው» አለኝ። አብዮት ጠባቂዎቹም ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ሰፈር በሩቁ ሆነ የሚያልፉት።

ደስታችን ግን ሦስት ቀን አልሞላም። ካድሬው ለወረርሽኙ ድሬሰር አዘዘ፤ በየቤቱ ያለው በሽተኛ ሽማግሌ ሁሉ መርፌ ይወጋ፤ ሊቀመንበሩ አብሮ ዞሮ ያረጋግጥ። እትዬ ዘይነባ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። አያ ይማም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ዘጠኝ ቤት ታምሜላችኋለሁ። መወጋቱን ግን ተካፈሉ» አሉ። ማን ሊቃወማቸው?

ከሰፈሩ እውነተኛ ሽማግሌ ሲፈለግ ሰባት ተገኙ። ከአያ ይማም ጋር ስምንት። እትዬ ዘይነባ ቀና ብለው አዩኝ።

«ተኛ።»

«እኔ እኮ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ እትዬ ዘይነባ።»

«ለአንድ ቀን ሕዝብ ሁን።»

ጭንቅላቴን በሻሽ ጠቅልለው፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እስከ ጆሮዬ በጋቢ ሸፈኑኝ። ድሬሰሩ ገባ። ሊቀመንበሩ ሽታ ፈርቶ ከደጅ ቀረ። «ዕድሜያቸው ስንት ነው?» አለ ድሬሰሩ። «ሰማንያ» አሉ እትዬ ዘይነባ። ድሬሰሩ የሚወጋበትን ቦታ ገለጥ አድርጎ አየ። «ከወገብ በታች ገና ሠላሳ ናቸው» አለና ወጋኝ። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እስከ ኮረም ያለውን መንገድ መኪናው ላይ ቆሜ ነው የተመለስኩት።

አዲስ አበባ ገብቼ ንድፉን አሳምሬ ሣልኩት። ዘጠኙ ቤቶች፣ ግቢዎቻቸው፣ የውሃ መውረጃው፣ እበት የተመረገው መስኮት ሁሉ አለ። በቤትና በቤት መካከል ያለውን ግድግዳ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ድፍን ጥቁር አደረግሁት። እያንዳንዷን በር የት እንዳለች እያወቅሁ አጠቆርኳት። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ያለ በር እንደማላይ አውቃለሁ።

ኃላፊዬ ንድፉን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ አየው። የተማረው ስለ ሲሚንቶ ቢሆንም ይህን ያውቃል፤ እኔው ነኝ ስመለስ ስለዚያ በር ሳወራ የከረምኩት።

«ያ ከግቢ ወደ ግቢ የሚያሳልፍ በር የምትለውስ?»

«ሰቆጣ የለም።»

«የለም?» አለ፤ አዘነልኝ መሰለኝ። «እንግዲህ ያለ እሱ ለቡኻራ ምን ብዬ ስምህን ላስተላልፍ? ሌላ ሰው መላኬ ነው።» ወረቀቱን እንደገና አቀረበው። ወፍራሞቹን ጥቁር ግድግዳዎች በጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው። «እንዲያው ይገርማል። እንዲህ ተጣብቀው እየኖሩ ከቤት ቤት እንኳ አይጠያየቁም?»

«አይዋደዱም ጓድ» አልኩት።